ሰባት ቤት

ከዘጌ ተነሣን፣ ሞተሩ ገግሞ፣
ጭጋጉ ጣና ላይ እንደ ሰው ተጋድሞ፤
ከጉልበቴ መሐል የበረዶ ሣጥን፣
ሣጥኑ ውስጥ ቅጠል፣ በፌስታል፣ በመጠን፤
አንዱ ላይ የጻፍሁት «ቢያድግልኝ፣ ግራ»፣
ሌላው ላይ «እንየው፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ሁለተኛ ተራ»።

የቢያድግልኝ ዛፍ ብርቱካን ነበረ፣
ዘንድሮ ግን ፍሬው አረንጓዴ ቀረ፤
አንድ ጎኑ አብጦ፣ አንድ ጎኑ ቀንጭሮ፣
ሲቆርጡት ዘሩ እንኳ ሟሽሾ ጠቁሮ።
ቅጠሉን አጥፌ ግራ ቀኙን ባየው
ቢጫው አይገጥምም፤ ምልክቱ ይኼ ነው።
አረንጓዴ መቅረት! እንዲህም በሽታ፣
ልምላሜን ሰርቆ በስሙ የሚመታ።

«እሱ ነው!» አለኝ ከዘራውን ቀሥሮ፣
«ተባዩን የላከው አጥሬን አሳብሮ፤
ሽማግሌ ሰድጄ ቁረጥ ብዬው ነበረ፣
‹የኔስ ጤነኛ ነው› ብሎ ስቆ ቀረ።»

ተባይዋን አይቻለሁ፤ ከሰሊጥ ታንሳለች፣
ወገቧን ቀና አርጋ ለጋ ትመጥጣለች፤
አጥር አታውቅ፣ ካርታ፣ የወሰን ድንጋይ፣
ነፋስ ሲያነሣት ታርፋለች ከሰው ዛፍ ላይ።
«ሊሆን ይችላል» አልሁ፣ «ግን በቃል አልፈርድም፣
ሰባት ቤት ሳልቆጥር በሽታ አላዛምድም።»

ሳቀብኝ። ዘር ቆጠራ እሱን ያስጨንቃል?
እስከ ሰባት ቤቱ በአንድ ትንፋሽ ያውቃል፤
ጠራልኝ ቆሞ፦ ዳኘው፣ ይግዛው፣ ዘለቀ፣
ደምለው፣ ቸሬ… እስኪጨርስ የአንድ እጁ ጣት አለቀ።

ባሕር ዳር ገባሁ፣ ባጃጁን አስቸኩዬ፣
ደም ሥሩን ቆረጥሁት ከቅጠሉ ነጥዬ፤
መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ሁለቴ ጀመርሁ፣
ጄኔሬተሩን ስረግም፣ መልሼ ስለምን አመሸሁ።

ይኽ ባክቴሪያ በሰሃን አይበቅልም፣
ስኳር ብሰጠው፣ ጨው ብሰጠው አይለምም፤
ከዛፍ ደም ሥር ካልሆነ፣ ከተባይ ሆድ ዕቃ፣
ብቻውን አይኖርም። እንደ ሰው ነው በቃ።

ስለዚህ እሱን አላየሁም፤ ያየሁት ፊደሉን፣
በአራት ሆሄ ብቻ ያኖረውን ቃሉን።
ከሚሊዮን ይበልጣል፣ መስመሩ አያልቅም፣
ነጥብ የለው፣ ምዕራፍ የለው፣ ትንፋሽ አይሰጥም።
አንዲት ቦታ ላይ ግን ጸሓፊው አንቀላፍቶ
አንዲቷን ቃል ደጋግሟታል፣ መጻፉን ረስቶ።

ቆጠርሁ። በእንየው ዛፍ ቃሏ አሥራ አንዴ ናት።
በቢያድግልኝ ዛፍ ግን አምስቴ ነው ያላት።
እንደገና ቆጠርሁ።
አምስት። አሥራ አንድ።
ሌላ ሦስት ስፍራ አየሁ፤ ያው፤ የለም ዝምድና፣
ሁለት እንግዳ ናቸው፣ ጎን ለጎን ያደሩ፣ በየራሳቸው ጎዳና።

አምስቴ የምትለዋን ግን አውቃታለሁና፣
አምና ከወሎ ቆላ በመጣ ናሙና።
እንዳልሰማ ያለፍሁት ነገር ትዝ አለኝ፣
ቅጠሉን ስቆርጥ ቢያድግልኝ ያወጋኝ፦
«ይችን ያመጣት መንበሩ ነው፣ ልጄ፣ ከወሎ፣
በአውቶብስ ታቅፎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፤
ራሱ ተከላት፣ ራሱ ውሃ አጠጣ፣
በዓመቱ ወጣ እሱ። ይኸው አልመጣ።»

ሳምንት አልፎ ሄድሁ። «ከእንየው አይደለም።»
«ታዲያስ?» «ከሩቅ ነው።» ስም አልጠራሁለትም።
እሱ ግን አወቀ። ግንዱን ዳሰሰና፣
ጨርቁ የታሰረበት ጠባሳ አለና፣
እዚያ ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ዝም ብዬ አየሁት፤
«ተሸክሞት ነበር» አለኝ፣ «ሳናውቅበት።»

ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደ፣ ከዘራውን ትቶ፣
«እንየው! መጋዝህስ ስለት አለው ከቶ?»
ከማዶ ሣር ኮሽ አለ፣ ዘገየ መልሱ፦
«አለው። ለማንኛው?»
«ለሁለቱም» አለ እሱ።

እኔም በጀልባው ላይ የራሴን ጀመርሁ፤
አባቴን፣ አያቴን…
አራት ላይ ቆምሁ።